የጥይት ነገር፤ ስለ ምሥራቅ ጎጃም የአርበኝነት ጦርነት አጭር ጥናት

በአገራችን ስለ ጦርነት ሲወራ አስቀድሞ የሚነሣው የጀግናው ስም ነው። ጀግናው በዝናሩ ስንት ጥይት እንደ ነበረው፥ ያ ጥይት ከየት እንደ መጣ፥ ማን ተሸክሞ እንዳደረሰለትና ሲያልቅበት ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ የተዘነጋ ጉዳይ ለመመርመር ተነሥተናል። ምሳሌ አድርገን የወሰድነው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም፥ በተለይም በሞጣና በብቸና በኩል የተደረገውን ጦርነት ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ጦር እንዴት እንደሚዋጋ የሚወስነው ከሁሉ አስቀድሞ ጥይቱ የሚመጣበት መንገድ ነው።

1. ጠመንጃውና ቀለሃው

ወደ ጎጃም ከመሄዳችን በፊት ጠመንጃው ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ያደረጉት ለብዙ ዓመታት ከውጭ ገዝተው ባከማቹት መሣሪያ ጭምር ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ፥ ከዚሁ ከአሮጌው መሣሪያ ብዙው ገና በወታደሩ እጅ ነበር። በዚያ ላይ በ1927 ዓ.ም. ክረምት (በ1935 እ.ኤ.አ.) እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን በራሷ ፋብሪካ የምትሠራ ስለ ሆነች ክልከላው የጎዳት ነገር አልነበረም። ፋብሪካ ያልነበራት ኢትዮጵያ ግን ለጦርነቱ መዘጋጃ የሚሆኑትን ዋነኛ ወራት አጣች። በመስከረም መጨረሻ 1928 ዓ.ም. ክልከላው ለኢትዮጵያ ሲነሣ ጠላት ድንበሩን ተሻግሮ ነበር።

ስለዚህ የጎጃም አርበኛ ሲሸፍት በእጁ የነበረው መሣሪያ ልዩ ልዩ ነበር፤ ውጅግራ፥ ለበን፥ ምንሽር፥ አልቢን። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አንድ መቶ አርበኞች አምስት ዓይነት ጠመንጃ ከያዙ ጎረቤት ለጎረቤት ጥይት መበደር አይችልም ማለት ነው።

ውጅግራን እንመልከት። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፥ አፈ ሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ፥ አንድ ጥይት እያጎረሱ የሚተኩሱት ጠመንጃ ነው። ጢሱ ብዙ ስለ ሆነ ተኳሹን ያጋልጠዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ በጎ ነገር አለው። የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ነውና የተተኮሰውን ቀለሃ ለቅሞ እንደገና መሙላት ይቻላል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከሦስት ነገሮች ይሠራል፤ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከአፈር የሚነጠር የባሩድ ጨው ነው፤ የቀረው ከሰልና ድኝ ነው። ይህን በቤት መውቀጥ፥ እርሳስ አቅልጦ አረር ማፍሰስ ለአገራችን ሰው የቆየ ሙያ ነበር። የሚያስቸግረው በቀለሃው ግርጌ ያለችው እሳት የምትሰጠው ትንሽ ክዳን ናት፤ እርሷን በመንደር መሥራት ቀላል አይደለም።

የጣሊያን ወታደር የያዘው ጠመንጃ ግን ሌላ ነው። የ1891 እ.ኤ.አ. ሥሪት፥ አፈ ሙዙ 6.5 ሚሊሜትር፥ ስድስት ጥይት ባንድ ጊዜ የሚጎርስ ነው። ባሩዱ ጢስ የሌለው የፋብሪካ ባሩድ ነው። በቤት የተወቀጠ ባሩድ ቢሞሉት ኃይሉ ይደክማል፤ ጠባቡም አፈ ሙዝ በጥላሸት ቶሎ ይደፈናል። ስለዚህ ይህን ጠመንጃ የማረከ አርበኛ ጥይቱንም የሚያገኘው ከባለቤቱ ነው። የጠላትን ጠመንጃ መያዝ ማለት ከጠላት ግምጃ ቤት ጋር መቈራኘት ማለት ነበር።

2. የሒሳቡ ነገር

ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። አንድ አርበኛ በዝናሩ 60 ጥይት አለው እንበል። በደቂቃ አምስት ቢተኩስ ውጊያው 12 ደቂቃ ይሆናል። በሌላው ወገን ያለ ቀላል መትረየስ ግን ሳያቋርጥ ቢተኩስ በአንድ ደቂቃ እስከ 500 ጥይት ይጨርሳል፤ ይኸውም የስምንት አርበኞች ዝናር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን ፊት ለፊት ተሰልፎ ቀኑን ሙሉ መታኰስ ራስን ትጥቅ ማስፈታት ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ስልት የታወቀ ነው። ርቀቱ ቅርብ ይሁን፥ ጥይት እንዳይባክን። ቦታው ገደል ያለበት ጠባብ መንገድ ይሁን፥ መትረየሱ ተጠምዶ እንዳይሠራ። የመጀመሪያው ተኵስ የደፈጣ ይሁን። ከሁሉም በላይ ዒላማው የጭነት አጋሰሱ ይሁን፤ አንድ የጥይት ሣጥን የተጫነች በቅሎ ከአሥር ወታደር ትበልጣለችና። የአርበኛ ውጊያ ድልና ሽንፈት የሚለየውም በዚሁ ነው። ሜዳውን ይዞ ያደረ ጦር ከማረከው ጥይት የተኮሰው ከበለጠ፥ ተሸንፏል ባይባልም ከስሯል።

በብቸና በኩል በላይ ዘለቀ፥ በምሥራቅ ጎጃም ልጅ ኃይሉ በለው፥ በሌላውም የጎጃም ክፍል መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ለዓመታት ጦራቸውን ሳይበትኑ የቈዩት በቈራጥነት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ጥይት መቍጠር ያውቁ ነበር።

3. የምሽጉ ችግር

የጎጃም ሕዝብ በ1930 ዓ.ም. በሰፊው ከተነሣ በኋላ ጣሊያን እንደ ደብረ ማርቆስ፥ ሞጣና ብቸና ባሉ ቦታዎች በምሽግ ተወሰነ። ምሽግ ሲያዩት ያስፈራል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ጥይት የሚተካው በመንገድ ነው። መንገዱን ለመጠበቅ ወታደር ያስፈልጋል፤ ለወታደሩ ስንቅ ያስፈልጋል፤ ስንቁን ለማምጣት ሌላ አጀብ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መሬት ይጨቀያል፥ ወንዙ ይሞላል፥ መኪናው ይቆማል። አውሮፕላን ጥቂት ይጥላል እንጂ አንድን ሻለቃ ጦር ሙሉ ክረምት መቀለብ አይሆንለትም።

ለዚህ በሞጣ አቅራቢያ ካለው ሰባራ ድልድይ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ይህ ጎጃምንና ቤጌምድርን በዓባይ ላይ ያገናኝ የነበረ፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቍረጥ መካከሉን አፈረሱት። በጦር ስልት በኩል ካየነው ሥራው ትክክል ነበር፤ አንድም ጥይት ሳይተኰስ የጠላት መተላለፊያ ተዘጋ። ነገር ግን ጠላት ከወጣ በኋላም ድልድዩ እስከ 1994 ዓ.ም. ገደማ፥ ከ60 ዓመት በላይ ሳይጠገን ቆየ። በዚያ ሁሉ ዘመን ገበሬው ገበያ ለመሄድ፥ ዘመድ ለመጠየቅ፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ በዓባይ ላይ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ከተጠገነም በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። የጦርነቱ ዕዳ በማን ጫንቃ እንደ ቀረ ይህ ያሳያል።

4. የ1933 ዓ.ም. ፍጻሜ

በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፥ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከ2,000 ሰው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ትጥቅና ስንቁን የተሸከሙት ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ነበሩ። የቈላው እንስሳ የደጋውን ብርድና ዳገት አልቻለምና ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም በመንገድ አለቁ። የዚህን ዘመቻ ታሪክ ስናነብ ከግመሎቹ በኋላ ጭነቱን ማን እንደ ተቀበለ መጠየቅ አለብን። የአገሬው በቅሎ፥ አህያና የሰው ትከሻ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ወጡ። በዚያን ጊዜ ሞጣ ከወገን ተቈርጣ ብቻዋን ቀረች። በሚያዝያ ኮሎኔል ቡስቴድ ከጥቂት ወታደሮች ጋር የጮቄን ተራራ በብርድ አቋርጦ ሲደርስ የሞጣ ምሽግ እጁን ሰጠ። ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዓባይን የተሻገረው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ብዙ ሺህ ጦርም በግንቦት 1933 ዓ.ም. አጊባር ላይ በቍጥር እጅግ ለሚያንሰው ለዊንጌትና ለአርበኞች እጁን ሰጠ። ሁለቱም የተሸነፉት ተስፋ በመቍረጥ ነው፤ ተስፋቸውን የቈረጠው ደግሞ ስንቅና ጥይት እንደማይመጣላቸው ማወቃቸው ነው።

5. ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

ይህ ነገር የጎጃም ብቻ አይደለም። በ1915 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን የሚያህል ኃያል መንግሥት የመድፍ ጥይት ስላነሰው የጥይት ሚኒስቴር እስከ ማቋቋም ደርሷል። በዘመናችንም የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ለዩክሬን በአንድ ዓመት አንድ ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለመስጠት ቃል ገብቶ በጊዜው ሳይፈጽም ቀርቷል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሁለት ነገር እንድንይዝ እንወዳለን። አንደኛ፥ ጥይቱን ከሌላ የሚለምን ሕዝብ ጦርነቱ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ ራሱ አይወስንም፤ የ1927 ክልከላ ይህን አስተምሮናል። ጀግንነት ብቻ ይበቃል እያልን በየበዓሉ የምንፎክር ከሆነ የማይጨውን ዋጋ አልተማርንም ማለት ነው። ሁለተኛ፥ የጥይት ሒሳብ ስንል ከአረሩ በስተጀርባ ያለውን ሰው መቍጠር አለብን። ለአንድ ዝናር ጥይት በሬውን የሸጠ ገበሬ፥ ሌሊት በሶ ፈጭታ ስንቅ ያቀበለች ሴት፥ በቅሎውን ያስረከበ ነጋዴ በሜዳልያ መዝገብ አልገቡም።

ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ዛሬ አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን በየመንደሩ አሉ። የታሪክ ክፍል ተማሪ የሆነ ሰው ለዕረፍት አገሩ ሲገባ አያቱ ስንት ጠላት እንደ ገደለ ብቻ አይጠይቅ፤ ጥይቱን ማን እንዳቀበለውም ይጠይቅና ይጻፍ።