መርዝ ውሻን እንጂ ቫይረስን አያጠፋም

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ሁሉ፣ ቀን ታስሮ የዋለ የግቢ ውሻ ሌሊት ይለቀቃል። በከተማችን ባለቤት አልባ ውሾችን ለማስወገድ ለዓመታት ያገለገለው ስትሪክኒን ደግሞ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም። መርዙ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያረግበውን የግላይሲንን ሥራ ያግዳል፤ እንስሳው ራሱን ሳይስት እየተንዘፈዘፈ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። ባለቤቶችን የሚያስቆጣውም ይኸው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ሰንሰለት ለመበጠስ ከውሾች 70 በመቶውን መከተብ እንደሚያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ከ100 ውሾች 70ው ተከትበዋል እንበል። መርዙ ከተከተቡት 20ውን ቢገድልና ቦታቸውን 20 ያልተከተቡ ቡችሎች ቢተኩ፣ የተከተቡት ወደ 50 በመቶ ይወርዳሉ። ስለዚህ የተከተበን ውሻ መግደል ለቫይረሱ በር መክፈት መሆኑን እንገነዘባለን።