የጉጉት ዝርያዎች አመዳደብና አለያየት

ሀ. መግቢያ
መመደብ ማለት ነገሮችን በጋራ ጠባያቸው ማሰባሰብ ነው፤ መለየት ማለት ደግሞ አንዱ ከሌላው የሚርቅበትን ምልክት ማሳየት ነው። በገላጭ ድርሰት ምደባው የሚሰምረው መለያው በትክክል ሲመረጥ ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ
ጉጉቶች በሁለት ቤተሰቦች ይመደባሉ። በመጀመሪያው ቤተሰብ ውስጥ፣ በአሮጌ ቤቶች ጣሪያ ሥር ጭምር የሚያድረው የጎተራ ጉጉት ይገኛል። የዚህ ቤተሰብ አባላት ፊት የልብ ቅርጽ ሲኖረው፣ የመካከለኛው ጣታቸው ጥፍር ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው። ሁለተኛው ቤተሰብ አብዛኛዎቹን ዝርያዎች ያቅፋል፤ የእነዚህ ፊት ወደ ክብነት ያደላል።

ዝርያን ከዝርያ ለመለየት የአካል መጠን፣ የዓይን ቀለምና የላባ መልክ ይታያሉ። ለምሳሌ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የሚኖረው የሐበሻ ጉጉት ከራሱ ላይ እንደ ጆሮ የቆሙ ረጃጅም ላባዎች አሉት፤ የጎተራ ጉጉት ግን የለውም። እነዚህ ላባዎች ጆሮ አይደሉም፤ እውነተኛው የጆሮ ቀዳዳ በራስ ቅሉ ግራና ቀኝ በላባ ተሸፍኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ መልክ ያታልላል። በኢንዶኔዥያ በሎምቦክ ደሴት አንዲት ትንሽ ጉጉት ትኖራለች። ናሙናዎቿ እ.ኤ.አ. በ1896 ተሰብስበው በቤተ መዘክር ተቀመጡ። ላባዋ በአቅራቢያው ባሉ ደሴቶች ከምትኖር ሌላ ጉጉት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ከመቶ ዓመት በላይ በዚያችኛዋ ስም ተመዝግባ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ተመራማሪዎች በየፊናቸው ጩኸቷን ሰምተው ልዩነቱን አስተዋሉ። ድምፅዋ ተቀርጾ ከተነጻጸረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ በጽሑፍ ተገለጸ። የደሴቲቱ ነዋሪዎች ግን ስሟን ከጩኸቷ ወስደው «ፖክ» ይሏታል። ሊቃውንቱ በላባ የፈለጉትን መለያ እነርሱ በጆሯቸው አግኝተውታል።

ሐ. ማስታወሻ
1. በአንድ የምደባ ደረጃ በአንድ ዓይነት መለያ ተጠቀሙ። ቤተሰብን በፊት ቅርጽ ከፍላችሁ ሳትጨርሱ ወደ ላባ ቀለም አትዝለሉ።
2. ለዓይን ቀድሞ የሚታይ ምልክት ሁሉ ዋና መለያ አይሆንም። ምልክቱ በእርግጥ መለየቱን አረጋግጡ።

መ. መልመጃ
1. የሎምቦኳ ጉጉት ለረጅም ጊዜ በሌላ ዝርያ ስም የተመዘገበችው ለምንድን ነው?
2. «ሲሆን»፣ «ግን» እና «ይሁን እንጂ» በሚሉት ቃላት ልዩነትን የሚያሳዩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መሥርቱ።
3. «ፖክ» ከድምፅ የወጣ ስም ነው። ከድምፅ የተገኙ ሦስት የአማርኛ ቃላት ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ከሚገኙ ወፎች የሚመሳሰሉ ሁለት መርጣችሁ፣ የሚለዩበትን ምልክት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።