ክብደት ወይስ ጽናት? ለፍሪስታይል ስኪ የሚሆን የጫማ ማሰሪያ አመራረጥ ከመካኒክስ አንጻር

መግቢያ

ፍሪስታይል ስኪ ዝላይን፣ በአየር ላይ መገለባበጥንና በብረት ሐዲድ ላይ መንሸራተትን የሚያካትት የበረዶ ላይ ስፖርት ነው። ከዘርፎቹ መካከል ሞጉል እ.ኤ.አ. በ1992 በአልበርትቪል፣ ኤሪያል በ1994 በሊልሃመር፣ ሃፍፓይፕና ስሎፕስታይል በ2014 በሶቺ፣ ቢግ ኤር ደግሞ በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሆነዋል።

በኢትዮጵያ ስኪ ሲነሣ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን አገሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነው። የእርሱ ዘርፍ አገር አቋራጭ ስኪ ሲሆን፣ በዚያ ዘርፍ ማሰሪያው የጫማውን ፊት ብቻ ይይዛል፤ ተረከዙ ነጻ ነው። በፍሪስታይል ግን ጫማው ከፊትም ከኋላም ስለሚያዝ ማሰሪያው ሁለት ተጻራሪ ተግባራትን ይሸከማል፦ ስፖርተኛው ሲያርፍ አጥብቆ መያዝ፣ ሲወድቅ ደግሞ በጊዜው መልቀቅ። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ክብደትንና ጽናትን በአንድነት ይፈልጋሉ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው መቅደም እንዳለበት ይመረምራል።

የመልቀቂያ መጠን

በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ኦሪገን ይኖር የነበረው ሃልማር ቫም የራሱ እግር በስኪ ከተሰበረ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጫማን የሚለቅ ማሰሪያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የዛሬዎቹም ማሰሪያዎች የሚሠሩት በተመሳሳይ መርሕ ነው። የፊተኛው ክፍል ጫማውን በዋናነት ወደ ጎን፣ የኋለኛው ወደ ላይ ይለቃል፤ ልቀቱን የሚወስነው በውስጣቸው የታመቀው ሞላ ነው። የሞላው ጥብቀት በተለምዶ «ዲን» በሚባል ቁጥር ይለካል። ተገቢው ቁጥር የሚገኘው ከስፖርተኛው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የአነዳድ ስልትና የጫማ ሶል ርዝመት ሲሆን፣ አሠራሩ አይኤስኦ 11088 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ተደንግጓል። ስለዚህ ቁጥሩ የብቃት ማዕረግ ሳይሆን የአጥንት ጥንካሬ ግምት ነው።

ክብደት የት ላይ ነው?

አንድ አካል መሽከርከርን የሚቋቋምበት መጠን፣ ማለትም የዙረት ኢነርሺያው፣ በክብደቱ ብቻ አይወሰንም፤ ክብደቱ ከዙረቱ ማእከል ባለው ርቀት ካሬም ይባዛል። ለአብነት ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 1.8 ኪሎ ግራም የሆነ ስኪ ወጥ ዘንግ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ በመካከሉ ዙሪያ ያለው ኢነርሺያ 0.486 ኪ.ግ.ሜ² ያህል ይሆናል። የማሰሪያው ፊተኛና ኋለኛ ክፍሎች ከማእከሉ በአማካይ 0.18 ሜትር ቢርቁ፣ 200 ግራም የሚቀልል ማሰሪያ የሚቀንሰው 0.0065 ብቻ ነው፤ ይህም ከስኪው ኢነርሺያ 1.3 በመቶ ገደማ ነው። በአንጻሩ ከማእከሉ 0.85 ሜትር ርቀው ከሚገኙት ሁለት ጫፎች ከእያንዳንዳቸው 20 ግራም ቢነሣ ቅነሳው 0.029 ይሆናል። ከጫፎቹ የተነሣው 40 ግራም ከማሰሪያው ከተነሣው 200 ግራም ከአራት እጥፍ በላይ ይጠቅማል ማለት ነው።

በአየር ላይ በሚደረግ ግልብጥ የዙረቱ ማእከል የስፖርተኛው ሰውነት ስለሆነ፣ እግር ላይ ያለ ክብደት ሁሉ ይከብዳል። በዚህም ሁኔታ ግን ስኪው 1.8፣ ጫማው 2፣ ማሰሪያው 1.1 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 200 ግራም በአንድ እግር ላይ ካለው መሣሪያ 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጥቅሙ አለ፤ ነገር ግን ትንሽ ነው።

የመለጠጥ ርቀት

የ4 በመቶው ትርፍ ምን እንደሚያስከፍል የሚታየው ጫማው ከማሰሪያው ሳይወጣ ምን ያህል ተንቀሳቅሶ ወደ ቦታው መመለስ እንደሚችል ሲታይ ነው። ይህ የመለጠጥ ርቀት ይባላል። ስፖርተኛው ጠንካራ በረዶ ላይ ሲያርፍ ወይም ስኪው ሐዲድ ሲመታ የሚፈጠረው ኃይል ብርቱ ቢሆንም ቅጽበታዊ ነው፤ ሰፊ የመለጠጥ ርቀት ያለው ማሰሪያ ግፊቱን ውጦ ጫማውን ይመልሳል። ጠባብ ርቀት ያለው ግን ሳያስፈልግ ይለቃል። በሐዲድ መካከል ወይም በማረፊያ ላይ ያለጊዜው የሚለቅ ማሰሪያ ከባድ ውድቀት ያስከትላል።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማሰሪያው ደጋግሞ ያለጊዜው የለቀቀበት ስፖርተኛ ሞላውን ከተገቢው ቁጥር በላይ ያጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ማሰሪያው ባልተፈለገ ጊዜ ከመልቀቅ ቢድንም፣ በሚፈለግበትም ጊዜ አይለቅም፤ ኃይሉ ወደ ቅልጥም አጥንት ያልፋል። የሚለቁ ማሰሪያዎች መሻሻል የቅልጥም ስብራትን በእጅጉ ቢቀንስም የጉልበት ጅማት መበጠስን በዚያው ልክ እንዳልቀነሰ ይታወቃል። ስለዚህ በትክክለኛ ቁጥር ላይ የተስተካከለም ማሰሪያ ጉልበትን ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል ተብሎ አይታሰብም።

ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች ነገሩን ያብራራሉ። በ1980ዎቹ ኦስትሪያዊው ፍሪትስ ባርቴል የፈለሰፈው የፒን ማሰሪያ ለተራራ ወጪዎች የታሰበ ነው። እጅግ ቀላል ቢሆንም፣ የዚህ ዓይነት ቀላል ማሰሪያዎች የመለጠጥ ርቀታቸው ጠባብ ስለሆነ ለተደጋጋሚ ዝላይ አይመከሩም። የሉክ ኩባንያ ፒቮት ማሰሪያ በበኩሉ ብዙ ብረት ስላለበት ከቀላሎቹ አይመደብም፤ ሆኖም ኋለኛው ክፍሉ በተረከዝ ሥር የሚዞር ስለሆነ ክብደቱ ወደ ማእከሉ የተጠጋ ነው። አምራቹ የሚገልጸው የመለጠጥ ርቀትም ከፊት 45፣ ከኋላ 28 ሚሊ ሜትር ነው። በፍሪስታይል ስፖርተኞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተወደደበት ምክንያት ከላይ ከቀረበው ስሌት ጋር ይስማማል።

ጽናትና የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ጽናት የሚፈተነው ኃይል በሚሸከሙ ክፍሎች ላይ ነው። ፕላስቲክ በብርድ ስለሚደርቅ ለምት የሚጋለጠው የፊተኛ ክፍል ቤትና የተረከዙ መያዣ ከአሉሚኒየም ወይም ከማግኒዚየም ቢሠሩ ይመረጣል። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም ስለሚቀልል ጽናትን ብዙ ሳይጎዳ ክብደት ይቀንሳል። በአንድ አምራች ምርቶች መካከልም ልዩነት አለ፤ የማርከር ኩባንያ ግሪፎን ከ4 እስከ 13፣ ጄስተር ደግሞ ከ6 እስከ 16 ባለው የዲን ክልል ይሠራሉ። ተገቢ ቁጥሩ 7 የሆነ ስፖርተኛ ቁጥሩ ከክልሉ መካከል አጠገብ የሚውልበትን ግሪፎንን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ጄስተርን «ጠንካራ» ስለተባለ ብቻ መግዛት ወደ ክልሉ ዳርቻ ይወስደዋል።

ከዚህ በመነሣት ምርጫው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይበጃል። በመጀመሪያ የጫማው ሶል ከማሰሪያው ጋር መጣጣሙ ይረጋገጣል፤ የአይኤስኦ 5355፣ 9523 እና 23223 ሶሎች ቅርጻቸው ስለሚለያይ ማሰሪያው የሚቀበለውን ዓይነት መለየት ግድ ነው። ቀጥሎ የዲን ክልሉ፣ ከዚያም የመለጠጥ ርቀቱና የክፍሎቹ ቁስ ይታያሉ። ክብደት የሚነጻጸረው እነዚህን ባሟሉት መካከል ብቻ ነው። ከግዢ በኋላም የቪቴዎች መላላት፣ የፍሬን ክንዶች መጣመም፣ ከጫማው ፊት ሥር ያለው ማንሸራተቻ መበላት በየወቅቱ ሊፈተሹ፣ የልቀት ኃይሉም በመለኪያ መሣሪያ ሊረጋገጥ ይገባል።

መደምደሚያ

ስሌቱ እንደሚያሳየው ከማሰሪያ ላይ የሚቆረጥ ግራም ለሽክርክሪት የሚያበረክተው አነስተኛ ነው፤ ሽክርክሪትን ማቅለል የሚሻ ስፖርተኛ በቅድሚያ የስኪውን ጫፎች ቢመለከት የበለጠ ያተርፋል። የማሰሪያ ዋና ዋጋ በተገቢው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ እያለ ጫማውን መያዝ መቻሉ ነው። ይህን ችሎታ የሚቀንስ ቅለት ስፖርተኛውን ሞላውን ወደ ማጥበቅ ስለሚገፋው፣ የተቆጠበው ግራም በአጥንት ይከፈላል።