ለአንድ ድርጅት ለሚሠራ ግራፊክ ዲዛይነር፦ ሙያን ማስፋት በቶሮንቶ

ለአንድ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ዲዛይነር ሥራው በአንድ ሎጎ፣ በሁለት ሦስት ቀለምና በተለመደ ቅርጽ ዙሪያ ይወሰናል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ሲፈልግ የሚያሳየው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንበታል። ከዚህ ለመውጣት የሚረዱ አምስት ነጥቦች እነሆ።

1. ከጎደለው ይጀምሩ። ባለፈው ዓመት ድርጅትዎ ለውጭ ባለሙያ ከፍሎ ያሠራውን ይዘርዝሩ፦ ቪዲዮ፣ ድረ ገጽ፣ የኅትመት ዝግጅት። ደጋግሞ የመጣው ቀጣዩ ትምህርትዎ ነው። ወጪ የሚቀንስ ሥልጠና ሲጠይቁ አለቃዎን ማሳመንም አይከብድም።

2. ተደራሽነትን ይልመዱ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦንታሪዮ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ሕግና ደንቡ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን አካል ጉዳተኞችም እንዲጠቀሙበት አድርገው እንዲያዘጋጁ ያስገድዳሉ። ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 አልፏል።

በተግባር ሲታይ፣ የተራ ጽሑፍና የጀርባው ቀለም ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ኮዱ 999999 የሆነ ግራጫ በነጭ ላይ ይወድቃል፤ 767676 ግን ያልፋል። በኢንዲዛይን ርዕሶችን በስታይል ይሥሩ፣ ለፎቶዎች ገላጭ ጽሑፍ ያስገቡ፣ ፒዲኤፉንም ታግ አድርገው ያውጡ። ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም ርዕስን ከተራ ጽሑፍ የሚለየው በዚህ ነው። ፊደል ማተለቅና ማድመቅ ብቻውን አይበቃም።

3. በነጻ የሚገኘውን ያስቀድሙ። የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካለዎት የሊንክድኢን ለርኒንግ ኮርሶችን ሳይከፍሉ መከታተል ይችላሉ። ጠለቅ ያለ ትምህርት ሲፈልጉ የጆርጅ ብራውን ኮሌጅንና የኦካድ ዩኒቨርሲቲን ተከታታይ ትምህርት ይመልከቱ። የብዙዎች ስሕተት ኮርስ በኮርስ ላይ መደራረብ ነው። አንዱን ጨርሰው በቢሮ ሥራ ላይ ሳያውሉት ሌላ አይጀምሩ።

4. አማርኛዎን ከሙያዎ ጋር ያያይዙ። በብዙ ቋንቋ መረጃ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የግዕዝ ፊደል አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ይጠቅመዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሲከፈት ሊዝረከረክ ስለሚችል አስቀድመው ይፈትሹ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ዩኒኮድ ፎንት ይምረጡ፤ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይተዉ፤ ከመታተሙ በፊትም አማርኛ አጥርቶ ለሚያነብ ሰው ያሳዩ።

5. ሥራዎን በማስረጃ ይያዙ። በካናዳ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጥረው በሥራዎ የሠሩት ነገር የመብት ባለቤት አሠሪዎ ነው። ስለዚህ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ። ለእያንዳንዱ ሥራም ችግሩ ምን እንደነበር፣ ምን እንደለወጡና ምን እንደተገኘ በሦስት መስመር ይጻፉ። በ1996 እ.ኤ.አ. በኦንታሪዮ ሕግ ዕውቅና ያገኘው የተመዘገቡ ግራፊክ ዲዛይነሮች ማኅበር ማዕረግ የሚሰጠው በምዘና ነው፤ ይህ መዝገብ ለዚያም ያዘጋጅዎታል።

አምስቱን በአንድ ጊዜ አይሞክሩ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያውን ዝርዝር ይጻፉና ከአለቃዎ ጋር ይነጋገሩበት።