ከሰፈሩ ስብሰባ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ

ሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለቤት አልባ አዋቂዎች ከድጋፍ ጋር የሚሰጥ ቤት፣ በሥራ ላይ ሰፖርቲቭ ሀውዚንግ የምንለው፣ ሊሠራ ሲታሰብ የሁሉም ልብ የሚንጠለጠለው የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ነው። ማን ይቃወም ይሆን? ማንን ቀድመን እናናግር? ምን ብለን እናሳምን? በዚህ ሙያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ኬዝ ማኔጀርም ሁኑ የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ በተለይ ደግሞ ከፍሮንት ዴስክ ተነስታችሁ አሁን ዕቅድ ክፍል የገባችሁ፣ ጉልበታችሁን ከስብሰባው በፊት ባለው ሥራ ላይ እንድታውሉ እመክራለሁ። ጎረቤትን የሚያሳርፈው ያለቀለት የአስተዳደር ዕቅድ ነው፤ ያ ከሌለ የትኛውም ንግግር አያዋጣም።

የተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ሐበሻ እናት ብዙ ካዳመጡ በኋላ እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ሥራችሁ የጽድቅ ሥራ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደጄ ላይ ወድቆ ባገኝ ለማን ልደውል? ማንስ ነው የሚያነሳው?» አሉ። መድረኩ ላይ የነበሩት ስለ ርኅራኄም ስለ ጥናትም ሲናገሩ አምሽተዋል፤ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ ተቃዋሚ አልነበሩም። የሚጨበጥ መልስ ቢያገኙ ኖሮ ደጋፊ ሆነው በወጡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ በቢሯችሁ ውስጥ የምትደራደሩበትንና የማትደራደሩበትን ለዩ። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለው ለሰፈር ድርድር አይቀርብም። የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በ1968 ወጥቶ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1988 ሲሻሻል አካል ጉዳትንና የአእምሮ ሕመምን በጥበቃው ውስጥ አስገብቷል። ከዚያም በፊት በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የቴክሳሷ ክሊበርን ከተማ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ለታሰበ የጋራ መኖሪያ ፈቃድ መከልከሏን ሽሮታል፤ የጎረቤት ፍርሃት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም ማለት ነው። እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ መኖሪያ ቤት ወይም ሆቴል በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ ከተሞች ይህን ዓይነት ቤት እንዳይከለክሉ ያዛል።

ሕግ ግን ብቻውን ሕንፃ አያቆምም። በ2024 መጀመሪያ የኬንሞር ከተማ ምክር ቤት 100 ያህል ክፍሎች ሊኖሩት የታቀደ ፕሮጀክት አልቀበልም ብሎ፣ ሥራው ወደ ሬድመንድ ተዛውሯል። ሕጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎረቤት ላይ አትምዘዙት።

የምትደራደሩበት ነገር ብዙ ነው፤ እዚያ ላይ ለጋስ ሁኑ። የበሩ አቅጣጫ፣ የውጭ መብራት፣ የቆሻሻ መኪና ሰዓት፣ አጥር፣ የዕቃ ማራገፊያ፣ በየስንት ጊዜው ከሰፈሩ ተወካዮች ጋር እንደምትገናኙ። ከሁሉ በላይ ግን ሲጋራ። እንደ ሲጋራ ጎረቤትና ነዋሪን የሚያጋጭ ነገር አላየሁም። በስቴቱ ሕግ፣ ሕዝብ በ2005 ድምፅ ከሰጠበት ጀምሮ፣ ከበር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ 25 ጫማ፣ ስምንት ሜትር ገደማ፣ ሳይርቁ ማጨስ ክልክል ነው። የሕንፃውን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከዋናው በር 25 ጫማ በማስመሪያ ለኩ። የት አረፈ? ብዙ ጊዜ የጎረቤት አጥር ሥር ወይም አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነው። ነዋሪው ሕግ አክብሮ ራቅ ብሎ ሲያጨስ፣ የሰፈሩ ሰው «በሬ ላይ ተሰብስበው ይውላሉ» ይላል። ሁለቱም አላጠፉም፤ ያጠፋው ፕላኑ ነው። አርክቴክቱ ገና በእርሳስ እየነደፈ ሳለ ያዙትና ከበርና ከመስኮት የራቀ፣ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር ያለው ቦታ በግቢው ውስጥ ያውጣ። ክረምቱን ሙሉ በሚያካፋ አገር ጣሪያ የሌለው ቦታ ሰው አያቆምም።

በዚያው ፕላን ላይ ፍሮንት ዴስክ የተቀመጠ ሰው በሩንም አሳንሰሩንም ከወንበሩ ሳይነሳ ማየቱን አረጋግጡ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የውሃ መውረጃ ይኑር፤ አንድ ሰው ቧንቧ ረስቶ ቢተኛ ከሥሩ ያሉት ሦስት ቤቶች እንዳይጥለቀለቁ። ምድጃው በራሱ የሚጠፋ ይሁን። ትኋን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት፦ ሰው የያዘውን ሻንጣና ልብስ በሙቀት የምታጸዱበት ክፍል አዘጋጁ፤ ንብረቱንም ሳትጥሉ መልሱለት። ዓመታት ጎዳና ላይ ለኖረ ሰው አንዲት የቆሸሸች ቦርሳ የቀረው ሀብቱ ልትሆን ትችላለች።

ስለ ቤት ዋጋ ሲነሳ አትቆጡ። ከሚጠይቁት መካከል ሁለት ሥራ እየሠራ የ30 ዓመት የባንክ ዕዳ የሚከፍል የኛው ሰው አለበት፤ ያለው ሀብት ያቺ ቤት ናት። ለእሱ የሚሆን መልስ አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፈርማን ሴንተር በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች ከተከፈቱ በኋላ በ500 ጫማ ርቀት ውስጥ የሚገኙ ቤቶች ዋጋ ከሰፈሩ ሌሎች ቤቶች አንጻር እያደገ ሄዷል። ትንሽ ራቅ ያሉት ግን በግንባታው ጊዜና መጀመሪያ ሲከፈት ዝቅ ብለው በኋላ አንሰራርተዋል። ይህንንም አብራችሁ ንገሩት። የደበቃችሁትን አንብቦ የመጣ ሰው ካለ ቀሪው ቃላችሁ ሁሉ ይረክሳል።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለ ምሳሌም አለ። 1811 ኢስትሌክ የሚባለው ሕንፃ በ2005 መጨረሻ ሲከፈት፣ 75ቱ ክፍሎች የተሰጡት በመጠጥ ሱስ ክፉኛ ለተጎዱ፣ ከድንገተኛ ክፍልና ከእስር ቤት ለማይጠፉ ሰዎች ነበር። መጠጥ ካላቆማችሁ አትገቡም አልተባሉም፤ ተቃውሞው ብርቱ የነበረውም በዚህ የተነሳ ነው። በ2009 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው ጥናት ቤት ያገኙትን 95 ሰዎች ወረፋ ላይ ከቆዩ 39 ሰዎች ጋር ሲያወዳድር፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሕዝብ ወጪው ቤት ባገኙት ላይ በ53 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የሚጠጡትም መጠን እየቀነሰ ሄዷል። ቤቱ ቀደመ፣ ለውጡ ተከተለ።

ገንዘቡ ሦስት ኪስ ያስፈልገዋል፦ የግንባታ፣ የሕንፃ ማስተዳደሪያና የድጋፍ አገልግሎት። ለመጀመሪያው ከ1986 ጀምሮ ለአነስተኛ ገቢ ቤቶች ግንባታ የሚሰጠው የፌዴራል የግብር ቅናሽ አለ። ለሁለተኛው ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ሴክሽን ኤይት ቫውቸር ይረዳል፤ ነዋሪው ከገቢው 30 በመቶ ያህል ይከፍላል፣ ቀሪውን ቫውቸሩ ይሸፍናል። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ሕንፃዎችን የሚጥለው ሦስተኛው ነው። የስቴቱ ሜዲኬይድ፣ አፕል ሄልዝ፣ ከ2018 ጀምሮ ለቤት ድጋፍ ሥራ የሚከፍልበት መንገድ ስላለ፣ ያን የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ቡድናችሁ ውስጥ ይኑር።

በጀት ሲጠብ ከሁሉ ቀድሞ የሚቆረጠው የሌሊት ሠራተኛ ነው። እምቢ በሉ። ሌሊት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ዴስኩን ሲጠብቅ ሌላው ፎቅ ወጥቶ በር የሚያንኳኳ። አንድ ሰው ብቻውን ሲቀር በሩን ጥሎ አይወጣም፤ የታመመውም እስኪነጋ ይጠብቃል። በአንድ ኬዝ ማኔጀር ላይ ከ15 ሰው በላይ ሲጫን ደግሞ ሥራው ቅጽ መሙላት ብቻ ይሆናል። ኪራይ የሚሰበስበውና ድጋፍ የሚሰጠው ሰውም አንድ መሆን የለባቸውም። ያልከፈለበትን ወር የሚጠይቀውን ሰው ማንም ስለ ሕመሙ አያማክረውም።

ዕቅዱ ላይ ጎዳና የኖረ ሰው ይቀመጥ፤ ለሰዓቱም ይከፈለው። አልጋው ወደ በሩ ይዙር ወይስ ወደ መስኮቱ፣ መተላለፊያው የት ጋ ሲጨልም እንደሚያስፈራ፣ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እሱ ይነግራችኋል። ስለ ነዋሪዎች ታሪክ ግን ለሰፈሩ አትተርኩ፤ ለማሳመን ተብሎም ቢሆን። ነዋሪው ውል የፈረመ ተከራይ ነው፤ ጎረቤቱ የሕክምና ታሪኩን እንደማይነግረው ሁሉ እሱም ለጎረቤቱ የመንገር ግዴታ የለበትም።

ሰው ማስገባት ስትጀምሩ አትቸኩሉ። ገንዘብ ሰጪው ክፍሎቹ ቶሎ እንዲሞሉ ይፈልጋል፤ ባዶ ክፍል ኪራይ አያስገባም። ነገር ግን በአንድ ሳምንት 30 ሰው ከገባ ሠራተኛው ስም ሳያጠና ችግር ይደርስበታል። ሰው ሲገባ የጎዳና ወዳጁ፣ ድንኳን ያጋራው፣ ዕዳ የሚጠይቀው ሁሉ ተከትሎት ይመጣል፤ እንግዳ መመለስ የማይችል ሰው ደግሞ ቤቱን በወራት ውስጥ ሊነጠቅ ይችላል። በሳምንት አምስት ስድስት ሰው እያስገባችሁ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ስለ እንግዳ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ «ዴስኩ አይፈቅድም በል፣ እኛ ላይ አሳብብ» በሉት። ለዚያ ቀርፋፋ አካሄድ የሚሆነውን የሁለት ሦስት ወር ኪራይ ክፍተት ከመነሻው በበጀቱ ውስጥ አስገቡ፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ የለም።