ከሐዋሳ እስከ ላሊበላ፦ የአየር መንገድን ርቀትና ጊዜ ስለ ማስላት

ለልደት በዓል ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ የቅዱስ ላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም የተሳለ ምእመን፣ ትኬት ከመቁረጡ አስቀድሞ መንገዱን በእርሳስና በወረቀት ቢመዝን ከብዙ ድካም ይድናል።

በቅድሚያ የሁለቱን አየር ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከካርታ ወይም ከእጅ ስልክ አንብቦ መጻፍ ነው፤ የሐዋሳው በሰሜን 7.1፣ በምሥራቅ 38.4 ዲግሪ ግድም፣ የላሊበላው ደግሞ 12.0 እና 39.0 ነው። ቀጥሎ ልዩነቶቹን፣ ማለት 4.9ንና 0.6ን፣ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር፣ የድምሩን ዳግም ዘር ማውጣት፣ ያንንም በ111 ማባዛት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የኬንትሮሱም ዲግሪ እንደ ኬክሮሱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ይህ ቀላል ስሌት ከሊቃውንቱ ስሌት የሚርቀው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሚገኘው 548 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ዳሩ ግን አብዛኛው የአገር ውስጥ በረራ ከአዲስ አበባው ቦሌ ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚመለስ ስለ ሆነ፣ ዋናው ጥያቄ ቦሌ ከመስመሩ ምን ያህል ይወጣል የሚለው ነው። የቦሌ ስፍራ 9.0 እና 38.8 ነውና በዚያው ስሌት ከሐዋሳ ቦሌ 215፣ ከቦሌ ላሊበላ 334 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ድምሩም 549! በአዲስ አበባ በኩል መዞር ርቀትን አይጨምርም ማለት ነው፤ እኔም ይህን ባሰላሁ ጊዜ እጅግ ተደንቄአለሁ። አርባ ምንጭ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሐዋሳ ቀጥታው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በቦሌ ዞሮ የሚሄድ መንገደኛ ወደ 570 ይበራል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ በኩል በመኪና ቢወርድ ይሻለዋል።

ጊዜውን ለማወቅ፣ ርቀቱን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ 20 ደቂቃ መጨመር ነው፤ በእነዚህ አጫጭር መስመሮች ለሚመላለሰው ኪው 400 ለተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ይህ ልክ ይስማማዋል። ከሐዋሳ ቦሌ 40፣ ከቦሌ ላሊበላ 55 ደቂቃ ግድም ይወጣል። በአየር ላይ የሚጠፋው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቀኑን የሚበላው በምድር ላይ ያለው ጥበቃ ነው፤ እንግዲህ ከበረራው አስቀድሞ ለመድረስ፣ በቦሌም አውሮፕላን ለመለወጥ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰዓት ይያዝ፤ የጠዋቱ በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው እንዳያመልጥ የሁለቱም ጉዞ በአንድ ትኬት ይቆረጥ።

በመጨረሻ ትኬቱን ማንበብ ነው። በላዩ የታተመው ሰዓት የፈረንጅ ስለ ሆነ ስድስት ይቀነስለት፤ 13፡30 የሚለው በእኛ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑም እንዲሁ የፈረንጅ ነው፤ ልደት ምንጊዜም በጃንዋሪ 7 ይውላል፣ በእኛ ግን ታኅሣሥ 29 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ነውና፣ በዚያ ዓመት በ29 ለመድረስ ያሰበ ሰው ማሕሌቱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።