ያለ ብየዳ ቧንቧ መጠገን ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ምድር ቤት ያለው የመዳብ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ተገፍቶ ብቻ የሚገጥም መገጣጠሚያ አለ አሉኝ፤ ይታመናል?

መልስ፦ ይታመናል። ሲያፈስ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የቆራጩ ነው። እንደ ሻርክባይት ባሉት መገጣጠሚያዎች ውስጥ ቧንቧውን ነክሶ የሚይዝ የብረት ጥርስና ውኃውን የሚያግድ የላስቲክ ቀለበት አለ። የላስቲኩ ጠላት ስለታም ጠርዝ ነው፤ ሲገባ ይልጠዋል። ስለዚህ ዋናውን ቫልቭ ዘግተው በቧንቧው የቀረውን ውኃ ካፈሰሱ በኋላ፣ በቧንቧ መቁረጫ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ (በመጋዝ ከሆነ መጣመሙ አይቀርም)፤ ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። የግማሽ ኢንች ቧንቧ 1 ኢንች ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ልኩን በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉና እስኪደርስ ይግፉ፤ ምልክቱ ርቆ ከታየ ገና አልገባም ማለት ነው። ላዩ የተቦረቦረ ወይም ቀለም የተቀባ መዳብ ላይ አይሞክሩት። በጋዝ ቧንቧማ ፈጽሞ!

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በሻንጣ ልላክ ካሉ ግን ይተዉት። እዚያ በብዛት የሚገኘው 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር የተባለ የፕላስቲክ ቧንቧ ልኩ አይገጥምም፤ እሱ የሚያያዘው በሙቀት ነው።